ለወይን ጠጪ የተጠመቀ ጠላ

ስህን የጋኑን አፍ የደፈነውን ጭቃ በቢላ ጀርባ ፈርክሳ አነሳችና አፍንጫዋን አስጠጋች። ምንም አልሸተታትም። ከሁለት ዓመት በፊት ጉንፋን መስሎ አልጋ ላይ የጣላት በሽታ ማሽተቷን ይዞባት ሄዷል፤ ምላሷም ከጨውና ከስኳር በቀር እምብዛም አይለይም።

ጠላው ለተራ ጠጪ የታዘዘ አልነበረም። ሐይቁ ዳር ሎጅ ያለው ውበቱ፣ ዛሬ ለምሳ የሚመጡት እንግዶች ወይን እንጂ ሌላ እንደማይጠጡ ነግሯት፣ "ጠላ መሆኑን ረስተው ቀስ እያሉ የሚጎነጩት ነገር አድርጊልኝ" ብሏት ነበር። እሷም ገብሱን አጥቁራ ቆላች፤ ጋኑን በወይራ አጠነች፤ ጌሾውን ቀንሳ ጠመቀችና ሁለት ወር አሽጋ አስቀመጠችው። እንግዶቹ ከወደዱት ውበቱ ዓመቱን ሙሉ ከእሷ ሊወስድ ቃል ገብቷል።

እስከ ቅርብ ጊዜ የሚቀምስላት ባሏ ዝናው ነበር። ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት መጠጥ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው፤ የወይኑንም የቢራውንም ዓይነት ለይቶ ያውቃል። ጉበቱን የጨረሰውም እዚያው ነው። አሁን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ጓዳ ተኝቷል። የደሴው ሐኪም አንዲት ጠብታ እንዳይቀምስ በፊቷ ከለከለው። እሷን ለብቻዋ ጠርቶ ደግሞ፣ ቢጠጣም ባይጠጣም ክረምቱን እንደማይዘልቅ ነገራት። ይህንን ለዝናው አልነገረችውም።

ከጠላው በብርጭቆ ቀድታ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

"ማሽተት ብቻ" አለችው።

"አንድ ጉንጭ ስጪኝ። ተፍቼው እነግርሻለሁ።"

"አትተፋውም፤ አውቅሃለሁ።"

ብርጭቆውን እሷው እንደያዘችለት አፍንጫውን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

"የደረቀ ኮክ ይሸታል። ከሥሩ የወይራ ጭስ አለ። ወደ መኮምጠጥ ሄዶ ሄዶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ወይን የለመደ ሰው የሚወደው ይህንኑ ነው። ፍሪጅ እንዳይከቱት ለውበቱ ንገሪው" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አንድ ትልቅ ጀሪካን ሞላች፤ ቢያንስ ብላም አንድ ትንሽ ጨመረችና ባጃጅ ይዛ ሄደች። ከሎጁ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ አየች። አንድ ሽበታም እንግዳ ተጎነጨና የጀመረውን ወሬ አቋረጠ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው፤ ደግሞ አስቀዳ። የመጣላቸው ወይን ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ውበቱ እየሳቀ መጣ። በየወሩ ሁለት ሁለት ጋን እንድታዘጋጅለት ነገራት። ስህን ደስታዋን ፈልጋ አጣችው። የሚቀጥለውን ጋን ማን ያሸትላታል? ጓዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ሰው በዓይኗ መጣ፤ ሐኪሙ "ቢጠጣም ባይጠጣም" ያላትም ትዝ አላት።

ውበቱ እግሯ ሥር ያለውን ትንሹን ጀሪካን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ቀደመችው።

"እንግዶቹ ጨምር እያሉኝ ነው እኮ" አላት።

"ይኼኛው ባለቤት አለው" አለችና ጀሪካኑን ይዛ ወደ ባጃጁ አመራች።