ወደ ግራ የተፈተለ

ሐዋ ፈትል የተማረችው ወዳ አይደለም። የሆጤ ቀበሌ ነዋሪዎች «ጓድ ሊቀመንበር» የሚሉት እንድሪስ ለአብዮቱ በዓል አደባባይ ላይ የሚነጠፍ ትልቅ ቀይ የሱፍ ምንጣፍ ይሠራ ብሎ ወሰነና፣ የአናርኪስት ቤተሰብ ከሚላቸው ቤቶች አንድ አንድ ሴት መዘዘ። ከነሐዋ ቤት እሷ ደረሳት። ይህ እንድሪስ ከወንድሟ ከጀላል ጋር በአንድ ትሪ በልቶ ያደገ ሰው ነው። በጥር ወር ጀላል ከቤቱ ሲወሰድ በር ላይ ቆሞ ስሙን የጠራውም እሱ ነው። አሁን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «እህቴ ሐዋ፣ አብዮቱ ሙያ ሊያስተምርሽ ነው» አላት። እህቴ ማለቱ ክረምቱን ሙሉ አንገበገባት።

ከዚህ ሁሉ የባሰባት ግን የእናቷ ነገር ነበር። የጀላል አስከሬን አልተሰጣቸውም። ከሌሎቹ ጋር ከከተማው ውጪ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ፤ ማልቀስም ተከለከለ። እናቷ ሁስኒያ ደግሞ ቢፈቀድላትም አታለቅስም ነበር። የተወለደችበት የገራዶ በኩል ሰው የጀናዛውን ከፈን ራስጌና ግርጌ የሚያስርበት የሱፍ ክር አለው። ወደ ቀብሩ ያወረደው ሰው ያንን ክር በእጁ ይፈታል፤ ከዚያ ወደ ቤት ይመለስና ደጃፍ ላይ ቆሞ «ክሩ ተፈታ» ይላል። ይህ እስኪባል ድረስ ሴቶቹ እንባቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ሟቹ ታስሮ ሳለ ማልቀስ ያስጨንቀዋል ይላሉ። ሁስኒያ ዘንድ መጥቶ ክሩ ተፈታ ያላት ሰው የለም። ልጇ እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው። የቀረበላትን እህል እየገፋች፣ ለሚያናግራት ሳትመልስ፣ በሩን ፊት ለፊት እያየች ትውላለች። ሐዋ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ እንድታለቅስላት።

ሥራው ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። አስተማሪዋ ኡሙሰልማ የሚባሉ የገራዶ በኩል ባልቴት ናቸው። ጣታቸው የጠነከረ፣ አፋቸው የባሰ የጠነከረ። የበጉን ጠጉር በእንዶድ ማጠብ፣ በደጋን መንደፍ፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየሳቡ እንዝርቱን ጭን ላይ አሹሮ መልቀቅ አስተማሯት። ክሯ በመጀመሪያ አንዱ ጋ እንደ አውራ ጣት ወፈረ፣ ሌላው ጋ ቀጥኖ ተበጠሰ። እጅሽ ይቸኩላል፣ ሱፍ ከሚቸኩል ሰው ጋር አይስማማም እያሉ ይቆጧታል። ሐዋ ለራሷ፣ ለማን ብዬ ነው የማሳምረው ትላለች። ከሁሉ በላይ የምትናደደው በሴትየዋ ነበር። የራሳቸው የልጅ ልጅ በዚያው ወር ተወስዶ ቀርቷል፤ እሳቸው ግን ለገዳዮቹ ምንጣፍ አንዲት ጉድፍ ሳትቀር እየለቀሙ ያሳምራሉ።

አንድ ነገር አጥብቀው ከልክለዋታል። እንዝርት የሚሾረው ወደ ቀኝ ነው። ወደ ግራ የሚፈተለው የጀናዛው ክር ብቻ ነው፤ እሱም ቀለም አይነካውም፣ ሕያው ሰውም አይለብሰውም፣ አይቀመጥበትም። ቀብር ውስጥ ቋጠሮው አልፈታ ብሎ እንዳያስቸግር ነው፤ ወደ ግራ የተፈተለ በቀኝ እጅ ሲስቡት ይላላል አሏት። የእንድሪስ አባትም የገራዶ ሰው ነበሩ፤ ሲሞቱ ክሩን የፈተሉት ኡሙሰልማ ናቸው። ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ የነበረው እንድሪስ ቀብሩ ውስጥ ወርዶ በእጁ ፈቷል።

ሐዋ ይህን በሰማች ማግስት እንዝርቷን ወደ ግራ አሾረች። ማንም አላያትም። ክሯ ድንገት አማረ፤ ንዴቷ ሁሉ ጣቷ ላይ የወረደ ይመስል ቀጥ ብሎ፣ ሳይበጠስ ወጣላት። በእያንዳንዱ ልቃቂት እንድሪስን ረገመችው። ቦት ጫማውን አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ የሙታን ክር ላይ ቆሞ ሲፎክር ይታያታል። ደስ አላት። ጀላል ከሞተ ወዲህ ደስ ያላት ያኔ ብቻ ነው፤ ደስታዋም ቢሆን የሚያቅር ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ የማቅለሙ ቀን ደረሰ። የመቅመቆ ሥር ተከትክቶ በበርሜል ተፈላ። ኡሙሰልማ ቀለሙ ክሩን እንዲይዘው ሸብ የሚባለውን ነጭ ድንጋይ አድቅቀው፣ ቱባዎቹን አስቀድመው በሸብ ውሃ ነከሩና ገመድ ላይ ሰቀሏቸው። እርጥብ ፈትል ሲሰቀል ከተፈተለበት ተቃራኒ መልሶ ይጠመዘዛል። የሴቶቹ ቱባ ሁሉ በአንድ ፊት ዞረ። የሐዋ ብቻ ወደ ሌላው ዞረ።

ኡሙሰልማ አንዱን ቱባ በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ሌሎቹን ሴቶች እንጨት አምጡ ብለው ላኩና ወደ ሐዋ ተመለሱ።

«ለማን ነው የፈተልሽው?»

ሐዋ ዓይኗን አልሰበረችም። «ለእንድሪስ። ለሱና ለጓዶቹ። የሞተ ሰው ክር ላይ ይቁሙ ብዬ ነው። ከፈለጉ ይንገሩብኝ።»

በጥፊ መቷት። ሐዋ የጠበቀችው ፍርሃት ነበር፤ አትጨርሺን የሚል ልመና ነበር። የሴትየዋ ፊት ላይ ያየችው ግን የራሷን የመሰለ ንዴት ነው፤ ከሷ የሚበልጥ እንጂ የማያንስ።

«የጀላልን ክር ነው እኮ እግራቸው ሥር ልታነጥፊላቸው የነበረው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነፍሱን ወሰዱ፣ ጀናዛውን ከለከሉ። ክሩን ደግሞ አንቺ በእጅሽ ልታቀብያቸው? ወላሂ፣ እነሱ እንኳ ይህን አላሰቡትም።»

ሐዋ ዞራ ቱባዎቿን አየች። ክረምቱን ሙሉ ጠላቷን የረገመች መስሏት የወንድሟን ድርሻ ስታባክን ነው የከረመችው። ኡሙሰልማ የግራውን ፈትል ከገመዱ ላይ አንድ በአንድ ለቀሙ፤ ወንዝ ወርደው ሸቡን አጠቡለትና ከነጠላቸው ሥር ደበቁት። የጎደለውንም ራሳቸው ለሚለብሱት የሱፍ ባና ብለው ያስቀመጡትን ፈትል አምጥተው ሞሉ። ምንጣፉ ቀላ፣ ተሸመነ፣ አማረ። ያምርላቸው፣ ከዚህ ውስጥ ግን የኛ ነገር የለበትም አሏት ሲያስረክቡ።

በተከታዩ ጁምዓ ኡሙሰልማ ሆጤ ድረስ መጡ። ያን ነጭ ክር ጠቅልለው ይዘው ነበርና ሁስኒያ ጉልበት ላይ አኖሩት። ሁስኒያ መጀመሪያ አላየችውም። ቆይታ ጣቷ ክሩን ዳበሰ፤ ወደ የት እንደተፈተለ ለየ። ተነስታ የጀላልን ነጭ ሸሚዝ ከሣጥን አወጣች። ጠቀለለችው፣ ላዩን በነጭ ነጠላ ከፈነችው፣ ራስጌና ግርጌውን በክሩ አሰረችው። ሕፃን የሚያክል ጥቅል ሆነ። አቅፋው በሩን ፊት ለፊት እያየች ተቀመጠች።

የሚፈታው ሰው የለም። የጀላል አባት ከሞቱ ቆይቷል፤ ጎረቤት ወንድ ደግሞ በዚያ በር ማለፍ ካቆመ ከርሟል። ሐዋ እኔ ልፍታው አለች። ኡሙሰልማ እምቢ አሉ፤ የሚፈታው ያወረደው ሰው ነው። ሐዋ ያን ጊዜ በር ላይ ስሙን ጠርቶ ጀላልን ወደ ጉድጓዱ ያወረደው ማን እንደሆነ አሰበች፤ አስባም ጥርሷን ነከሰች።

እሱን መጥራት አላስፈለጋቸውም። የምንጣፉ ሥራ አሮጊት አናርኪስት ቤት ገባች የሚል ወሬ ደርሶት እንድሪስ ራሱ ከተፍ አለ። ጠባቂውን ደጅ አቁሞ፣ ሳያንኳኳ ገባ። መሰብሰብ ክልክል መሆኑን አታውቁም ወይ ብሎ ጀመረ፤ ግን አልጨረሰውም። ዓይኑ ጥቅሉ ላይ አረፈ። ያን ክር የትም ቢያየው ያውቀዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጀላል ነው» አለች ሁስኒያ። ከጥር ወዲህ ለሰው ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነበር።

እንድሪስ እጁን ወደ ሽጉጡ ላከና እዚያው ተወው። ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ አድኃሪነት ነው፣ ሁላችሁንም አሳስራለሁ አለ። የሚናገረው ግን ለግድግዳው ነበር። ኡሙሰልማ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«አንተ ነህ ያወረድከው» አሉት። «የአባትህን እንደፈታህ የዚህንም ፍታ። እንደታሰረ ትተኸው ከወጣህ ከአንተ ጋር ነው የሚዞረው። ይህን እኔ ላስተምርህ አይገባም።»

ሁስኒያ ጥቅሉን በሁለት እጇ ወደሱ ዘረጋች። ሐዋ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ቢገድላትም የምትነቃነቅ አልነበረችም።

እንድሪስ የተዘጋውን በር አየ፤ መልሶ ጥቅሉን አየ። ከዚያ ተንበረከከ። ጣቱ የግርጌውን ቋጠሮ ያዘ፤ በቀኝ እጁ ሲስበው ላላ። የራስጌውንም ሳበው፤ ላላ። ሐዋ የጎነበሰውን ማጅራቱን አየች። አንጀቷ ይርሳል ብላ ጠብቃ ነበር። አልራሰም። እንዲያውም ባሰባት፤ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ነው ያን ያደረገው።

ሊነሳ ሲል ሐዋ «በለው» አለችው። «ጮክ ብለህ በለው።»

«ክሩ ተፈታ» አለ እንድሪስ። ድምፁ የጎረምሳ ድምፅ ነበር።

ሁስኒያ ጮኸች። ከጥር ጀምሮ ደረቷ ውስጥ የተቆለፈው ዋይታ የቤቱን ቆርቆሮ አልፎ ሆጤን አዳረሰው። ልጄን፣ ጀላሌን እያለች መሬቱን ደበደበች። ሐዋ ከበሩ ዞር አለች፤ እንድሪስ ሲንበረከክ የወደቀውን ቆቡን ረስቶ ወጣ። ደጅ ያለው ጠባቂ ላስቁማት ወይ ብሎ ሲጠይቀው ሰማች። መልሱን አልሰማችም፤ የሁለቱ የጫማ ኮቴ ግን ቁልቁል ራቀ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቶቹ መጡ። ከጥር ወዲህ በዚያ ደጃፍ ፊታቸውን አዙረው ሲያልፉ የከረሙት ሴቶች ሻሻቸውን አጥብቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ገቡ። ሐዋ የአንዳቸውንም ሰላምታ አልመለሰችም።

«የት ነበራችሁ?» አለቻቸው።

ሐዋ እንደተቆጣች ጓዳ ገባች፤ የሚቀመጡበትን ሰሌን አምጥታ ዘረጋችላቸው።