የኮራሊ ቅጠል

ዴልበርት ዮሆ ወረቀቱን ያገኘው ከአሮጌ ኮመዲኖ መሳቢያ ሥር ተነጥፎ ነው። ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ የአንድ ብርጭቆ ቅርጽ ሠሪ የልጅ ልጅ የአያቱን ቤት ሲያጸዳ፣ «ደስ ካለህ ውሰደው» ብሎ የሰጠው ኮመዲኖ ነበር። ዴልበርት አቧራውን ሊጠርግ መሳቢያውን ሳበና በግንባሩ የተደፋውን ወረቀት ገለበጠው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው፣ ድሮ አንድ የብርጭቆ ፋብሪካ ለነጋዴዎች ይልከው የነበረ የዕቃ ዝርዝር ገጽ ነው። የስኳር ዕቃ፣ የቅቤ ማስቀመጫ፣ የወተት ማንቆርቆሪያና የማንኪያ መያዣ ተሥለውበታል። በአራቱም ላይ ከሥር ወደ አፍ የሚወጣ ቅጠል አለ፤ ግራና ቀኙን ምስር የሚያካክሉ ጉብታዎች ተደርድረዋል። ከሥሩ «ቁጥር 317» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ከመደርደሪያው የራሱን የማንኪያ መያዣ አወረደ። ስስ ወረቀት አልብሶ በእርሳስ አሸው፤ ጥለቱ ወረቀቱ ላይ ሲወጣለት ከሥዕሉ ጋር አስተያየ። በአንድ ጉብታ እንኳ ቢለያይ ሌላ ጥለት ነው ማለት ይቻላል። የሱ አሥራ ሰባት ነበር፤ የሥዕሉም አሥራ ሰባት። ዕድሜ ልኩን ሲቆጥር ትንሽ ልዩነት ሲያገኝ ይናደድ የነበረ ሰው፣ ያን ቀን ልዩነት አጥቶ አራት ጊዜ ቆጠረ።

በብረት ቅርጽ ተጨምቆ የተሠራ የድሮ ብርጭቆ የሚሰበስብ ሰው አንድ አመል አለው፤ ስም የሌለው ጥለት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ፋብሪካዎቹ ተቃጥለዋል፣ ተዘግተዋል፣ መዝገባቸውም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ የሰብሳቢዎቹ ማኅበር አባል በጣቱ እየዳሰሰ፣ በጥፍሩ እየመታ ድምፁን እየሰማ ጥለቱን ይለያል፤ ማንም የማያውቀው ሆኖ ከተገኘ ስም የማውጣት መብቱ የአግኚው ነው። የማኅበሩ የጥለት ዝርዝር በሰዎች አክስትና በሰዎች ሚስት የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው፤ የውሻ ስም ያለበትም አለ። ሕጉ ግን አንድ ነው። ፋብሪካው ራሱ ያወጣው መጠሪያ ከተገኘ፣ ደረቅ ቁጥርም ቢሆን፣ የሰው ስም ይሰረዛል።

ይህን ሕግ ያወጣው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ዴልበርት ነው። ማንም አላስገደደውም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ደረቱን ነፍቶ ቆሞ አስወሰነ፤ መጀመሪያ የሠራውም በማኅበርተኛዋ በዊልማ ክራፍ ላይ ነው። ዊልማ በሟች እናቷ ስም «የአይዳ መጋረጃ» ያለችው ጥለት ቁጥር 84 ሆኖ ቀረ። ስታለቅስ፣ «ስሜት ሌላ፣ እውነት ሌላ» ብሏታል። እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ሲወጣ እንዴት ይጣፍጣል።

ኮራሊ የሱና የሚስቱ የኔዳ ልጅ ነበረች። አሥራ አንድ ቀን ኖረች። የተቀበረችበትን የወንዝ ዳር መቃብር በዚያው ዓመት ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው፤ ሌላ ልጅም አልወለዱም። ዴልበርት ይህን የማንኪያ መያዣ ከቤተ ክርስቲያን ባዛር ይዞ የገባ ቀን ኔዳ ወደ ብርሃን ይዛ ብዙ አየችውና «ኮራሊ ይባል» አለች። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ በታተመ ቁጥር ስሟ አብሮ ይታተማል። ሌላ የተጻፈበት ቦታ የለም።

ማኅበሩ ድሮ ሁለት መቶ ሰው ነበረው፤ አሁን አምስት ቀርቷል። ልጆቻቸው ማሽን የማያጥበውን ዕቃ ምን እናደርገዋለን ባዮች ናቸው። የመጨረሻው ዝርዝር ሰኞ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያርመውም የሚያሳትመውም የለም። ዴልበርት እስከ ሰኞ አፉን ቢይዝ ኮራሊ ለዘለዓለም ኮራሊ ሆና ትቀራለች። ሆድ ይፍጀው ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰበሰቡ። የድንች ሰላጣው ከተበላ በኋላ ዊልማ መነጽሯን አድርጋ ዝርዝሩን ታነብ ጀመር።

«ጮክ በይ እንጂ» አላት ጆሮው የከበደው ሮስኮ።

«ስጮህ ደግሞ ተቆጣችኝ ብለህ ታኮርፋለህ።»

እየሳቁ ቀጠሉ። «ቁጥር 84፣ መጋረጃ የሚመስል» አለች ዊልማ፤ ድምፅዋ ምንም ሳይለወጥ ወደሚቀጥለው አለፈች። ለዴልበርት ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ጥቂት ገጽ እንደሄዱ፣ «የኮራሊ ቅጠል፣ ፋብሪካው ያልታወቀ፣ ስም ያወጣው ዮሆ» አለች። ቀና ሳትል «ይለፍ?» ብላ ጠየቀች።

ይለፍ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እጁ ግን ኪሱ ገብቶ ወረቀቱን አወጣና ፊቷ አኖረው።

ዊልማ ብዙ አየችው። «የት አገኘኸው?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

«ሌላ ማን አየው?»

«አንቺ።»

አጥፋ መለሰችለት። «እኔ አላየሁም። መነጽሬም ጥሩ አይደለም።»

«ዊልማ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ይችን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። በእግዚአብሔር ቤት ተቀምጬ አልዋሽም፤ ጸልዬበታለሁም። ሲመጣ ግን አይጥምም። አንሣው ከፊቴ፣ አንተ ሽማግሌ።»

«እንግዲያው የእናትሽም ስም ይመለስ።»

«ወዴት ይመለሳል? ሰው ሁሉ 84 ብሎ ለምዶታል። አይዳ ብል ማን ያውቀዋል?»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ዴልበርት ወረቀቱን ያወጣው ሊሰፈር ነበር፤ ይቅር ስትለው ግን ባሰበት። የሷን መመለስ አልችልም፣ የኔን ግን አስቀራለሁ ብሎ እንዴት ወደ ቤቱ ይግባ? እርሳሱን ከእጇ ወሰደና የልጁን ስም በራሱ እጅ ሰረዘ፤ ከላዩ 317 ብሎ ጻፈ። ዊልማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ይለፍ» አለ ሮስኮ፣ ምን እንደተባለ ሳይሰማ።

ቤት ሲደርስ ኔዳን ከመደርደሪያው ያወረደቻቸውን ብርጭቆዎች እያጠበች አገኛት።

«አለቀ?»

«አለቀ። ሰኞ ይታተማል።»

«የኛ ደኅና ወጣች?»

ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ኔዳ አላለቀሰችም።

«ቀድደህ ብትጥለው ማን ያይህ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«የዊልማን እናት ሰርዤ…»

«ዊልማ ምንህ ናት? ኮራሊ ልጅህ ናት።»

እሷም ልክ ናት፣ እሱም ያደረገውን ማድረግ ነበረበት፤ ያለ ስም የቀረችው ግን ልጅቱ ናት።

«እንግዲህ ስሟን ማን ይጠራል?» አለች ኔዳ።

«እኔና አንቺ።»

ኔዳ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሱ ሰማንያ አራት። እጇን ከውኃው አውጥታ ወደ እሱ ዞረች።

«እስከ መቼ?» አለችው።

ዴልበርት ፎጣውን አንሥቶ የታጠበውን ማድረቅ ጀመረ።