ሁለተኛዋ ራይት

«ፓስወርዱን እዚህች ላይ ይጻፉልኝ፣ እናት» ብሎ ጠጋኙ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ሲያቀርብላት፣ ላፕቶፑን ከባንኮኒው ላይ መልሳ አነሣችና ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ጠጋኙ እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ዕቃውን አገላብጦ አይቶ፣ ማጠፊያው መሰበሩን፣ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ገመድም መላላጡን ነግሯት፣ ሰኞ መጥታ እንድትወስደው የተስማሙት ገና አሁን ነበር።

«የተሰበረው ክዳኑ አይደል እንዴ? ፓስወርድ ምን ያደርግልሃል?»

«ስጨርስ ከፍቼ ልሞክረው ነዋ። ተሠርቷል ብዬ ሰጥቼዎት ቤት ሲደርሱ እምቢ ቢል ማንን ሊረግሙ ነው?»

ያለው እውነት ነው። እሷ ግን እውነት ስለተነገራት የምትረጋጋ ሴት አይደለችም። ስልክ ሳይነሣ ከቀረ ሰው ሞቷል፣ ሐኪም ዝም ካለ ደብቆኛል ብላ የምታስብ ናት። ልጆቿ በዚህ ፍርሃቷ ሲስቁባት ኖረዋል፤ ፍርሃቷ አንድ ጊዜ እውነት ሆኖ ከተገኘ ወዲህ ግን የሚስቅባት የለም። መጋረጃ በምትሰፋበት ቤት መተኮሻ ላይ የምትሠራው ባልደረባዋ ደግሞ በቀደም ዕለት ስለ እህቷ ልጅ አውርታላት ነበር። ልጅቷ ስልኳን ለጥገና ሰጥታ፣ ፎቶዋ ከሰው ሰው ሲዞር ሰንብቶ፣ በሐፍረት ሥራዋን ለቅቃለች።

«እኔ የሰው ፎቶ አላይም» አለ ጠጋኙ ፊቷን አይቶ። «ግን እኔንም አይመኑኝ። እዚህ ሦስት ሰዎች ነን፤ አንዳችን ሌላችንን ቆመን አንጠብቅም። ቤት ይውሰዱትና የሚፈልጉትን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ ከዚያ ከላዩ ያጥፉት፤ ከአካውንቶቹ ሁሉ ይውጡ። ባዶውን ያምጡልኝ። የባዶ ቤት ቁልፍ ቢሰጡኝ ምን እሰርቃለሁ?»

የማን እንደሆነም ጠየቃት። የልጄ ነው አለችው፤ የትኛዋ ልጇ እንደሆነች ሳትናገር ወጣች።

መንገድ ላይ አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ሥር ቆማ ስልኳን አወጣች። «ምሳ በላሽ? ላፕቶፕሽን ላሠራ ወስጄው ነበር። ሰው እጅ እንዳይገባ መለስኩት» ብላ ጻፈችና ላከችው። ከጽሑፉ ሥር አንዲት ራይት ወጣች።

ላፕቶፑ የትልቋ ልጇ ነበር። በመጀመሪያ ደመወዟ ገዝታው ቤት ይዛው ስትገባ፣ ማን መንካት እንደሚችልና እንደማይችል አስቀድማ መመሪያ አውጥታለት ነበር። ቤት ውስጥ ሊቀመንበሯ ነበር የሚሏት፤ ሳህን የማጠቡን ተራ ሳይቀር ስብሰባ ጠርታ ካልወሰነች አትተኛም። ባለፈው ክረምት ታመመች፣ ክረምቱ ሳይወጣም ሞተች። ላፕቶፑ ለታናሽ እህቷ ተረፈ። ታናሽቷን ትንኝ ብላ ስም ያወጣችላት እሷው ነች፤ ከስታ ስለምትታይና ሰው ጆሮ ሥር መነዝነዝ ስለምትወድ። ፓስወርዱም ይኸው ስም ነው፣ ትንኝ ከተወለደችበት ዓመት ጋር። እናትየው የጠጋኙ ብጣሽ ወረቀት ላይ ለመጻፍ እጇ እምቢ ያላት ይህንን ነው።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራ የተመለሰች ሰሞን ነበር በምሳ ሰዓት ለሞተችው ልጇ መጻፍ የጀመረችው። አእምሮዋ አልተናጋም፤ ልጇ የት እንዳለች ታውቃለች። ግን ስታስታምማት በየቀኑ ከሥራ ቦታ «ምሳ በላሽ?» እያለች መላክ ለምዳ ነበርና ጣቷ አልተው አላት። መልእክት ሲደርስ አንድ ራይት ይወጣል፤ ሰው ሲያነበው ሁለት ይሆናል። ቀን የላከችው ማታ ቤት ስትገባ ሁለት ሆኖ ታገኘዋለች። መሣሪያው ራሱ የሚያደርገው ነገር ይሆናል ብላ ለራሷ ነገረች። ማንንም አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ሰው ቢያስረዳትስ?

ቤት ስትደርስ ትንኝ ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክብበት ቀን ደርሶባታል። እናቷ ላፕቶፑን መልሳ ይዛ ስትገባ አይታ ምን ሆነሽ አለቻት፤ እናትየውም የጠጋኙን ቃል አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

የትንኝ ፊት ተለዋወጠ።

«አንቺ ወደ ሥራሽ ተመለሺ፣ እማ። እኔ ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ።»

«በስንት እጅሽ?»

ትናንት ከአልጋ ላይ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ፣ ስክሪኑ የሚበራው አንድ ሰው ክዳኑን በሁለት እጁ ደግፎ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ሲያደርገው ብቻ ነው። የያዘው ሰው ከለቀቀ ይጠፋል። እናትየው ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ክዳኑን ያዘች።

ከፎቶዎቹ ጀመሩ። ሊቀመንበሯ በሥራ ልብሷ፣ ሊቀመንበሯ በአውቶቡስ መስኮት፣ ሊቀመንበሯ እናቷ ትከሻ ላይ ተኝታ። ድምፆቹ ላይ ሲደርሱ አንዱ ሳይታሰብ ተከፈተና የሞተችው ልጅ ቤቱን ሞላችው፦ «እማ፣ ስልክሽን እስኪጠፋ ድረስ አትጠብቂ ብያለሁ። ይኼ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው።» ትንኝ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። እናትየው ወደ ድምፁ ጠጋ ስትል ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ብሎ ተመለሰ።

ሁሉም ተገለበጠ፣ ከላዩም ተሰረዘ። የቀረው በሊቀመንበሯ ስም የተከፈተው የመልእክት መላላኪያ ብቻ ነው። ትንኝ እጇን አንሥታ ቆየች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ ብልሽ ትጨፍኛለሽ?»

«ክፈቺው።»

ከፈተችው። መላላኪያው ዝርዝር እንኳ ሳያሳይ በቀጥታ አንድ ገጽ ላይ ዐረፈ። ከላይ «እማ» ይላል። ከታች፣ እናትየው የተዘጋው ሱቅ በር ሥር ቆማ የጻፈችው ቃል አለ፦ ምሳ በላሽ? ላፕቶፕሽን ላሠራ ወስጄው ነበር። እናትየው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልኳ ዞር አለች። ዓይኗ እያየ ሁለተኛዋ ራይት ወጣች።

እናትየው ከስልኳ ወደ ልጇ ዞረች።

«አንቺ ነሽ?»

ትንኝ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች።

«መጀመሪያ ሳላውቅ ነው የነካሁት። ለትምህርቴ ስከፍተው ብቅ አለብኝ። የዚያን ዕለት ማታ ስልክሽን አይተሽ፣ ከሞተች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እራትሽን ጨረስሽ።» የወረቀቶቿን ጫፍ አስተካከለች። «ከዚያ ፈተና ላይ ሆኜ ሳልከፍተው ሰነበትኩ። ስልክሽን ይዘሽ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ስትመላለሺ ሰማሁሽ። ከዚያ ወዲህ ሳትገቢ እከፍትልሻለሁ።»

«ሁሉንም አነበብሽው?»

«ሳላነብ ለመክፈት ሞክሬያለሁ። ዓይን ግን ይሄዳል። ሌላ ሰው የላከላትን አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም።»

እናትየው መጠየቅ የፈራችው አንድ ነገር ነበረ። የሆነ ቀን፣ ትንኝ የእህቷን ካፖርት ለብሳ ስትወጣ በር ላይ ተጣልተው ነበር። እናትየው ያን ቀን በምሳ ሰዓት ጽፋለች፦ ምሳ በላሽ? ትንኝ ካፖርትሽን ለበሰችው። ከሁለታችሁ አንቺን ባስቀረልኝ። ማታ ቤት ስትገባ ካፖርቱ በደንብ ታጥፎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ ትንኝ ከዚያ ወዲህ ለብሳው አታውቅም። ልጅቷ ልብ ገዛች ብላ ነበር እናትየው። የመልእክቱ ሁለተኛ ራይትም ያን ማታ ወጥታለች። በማግሥቱ የላከችውም ተነቧል፤ በማግሥቱ ማግሥትም።

«የካፖርቱንም?» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ካፖርቱ ድሮም ይሰፋኝ ነበር» አለች ትንኝ።

ክዳኑ ከእናትየው እጅ አመለጠ፤ ስክሪኑ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ሞክራ መልሳ አቃናችው። ያን የጻፍኩ ዕለት ብላ ጀመረች፤ ግን ያን የጻፈች ዕለት ቃሉን ከልቧ ነበር የጻፈችው። ያንን አሁን በምን ቃል እንደምትመልሰው አላወቀችም።

«ተይው፣ እማ» አለች ትንኝ። «አሁን ስሚኝ። ከዚህ ከወጣን መመለሻ የለም። ተመልሶ ለመግባት ቁጥር የሚላከው በእሷ ስልክ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ተዘግቷል። የጻፍሽው አንቺ ስልክ ላይ ይቀራል። የሚያነብልሽ ግን አይኖርም።»

«ካልወጣንስ?»

«እንዲህ እንዳለ ይቀመጣል። ለጠጋኝም አንሰጠውም። ጽሑፌን ጓደኛዬ ቤት እየሄድኩ እጨርሳለሁ። ማታ ማታ ክዳኑን በመጽሐፍ እየደገፍኩ… አንቺ ጻፊ። እኔ እከፍትልሻለሁ።»

ለቁርስ ምን እንብላ የምትል ያህል ነበር ቀለል አድርጋ ያለችው። እናትየው የልጅቷን ፊት ከቅርብ አየችው። ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ይህ መቼ እንደሆነ አላየችም። አንድ ዓመት ሙሉ ስታየው የኖረችው ሌላ ነው።

«ክዳኑን አንቺ ያዢልኝ» አለች።

ቦታ ተቀያየሩ። ትንኝ በሁለት እጇ ክዳኑን ደገፈችና የቱ ላይ እንደምትሄድ በአገጯ እያመለከተች መራቻት። እናትየው በላፕቶፕ ሠርታ አታውቅም፤ ቀስቱ እንደ ዝንብ እየበረረ አስቸገራት። ዝርዝሩ ሲከፈት የማታውቃቸው ሰዎች ስም አለፈ፤ አንደኛው ስም አጠገብ ትንሽ ቀይ ልብ ነበረች። ማን ይሆን ብላ ልቧ ዘለለ። ዓይኗን መለሰች። ሊቀመንበሯ ያልነገረቻት ነገር ነበር፤ እንዳልነገረቻት ይቅር።

መላላኪያው ለመውጣት እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቃት።

«እማ፣ ይቅርብን» አለች ትንኝ በሹክሹክታ።

ነካችው። ስሞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ስልክ ቁጥር ያስገቡ የሚል ነጭ ገጽ ብቻ ቀረ። እናትየው እንደማታለቅስ እርግጠኛ ነበረች፤ ግን አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ትከሻዋ ብቻ እየተናጠ። ትንኝ ክዳኑን ይዛ ስለነበር ልታቅፋት እጅ አልነበራትም።

እንባዋን ስትጨርስ ስልኳን አነሣች። የትንኝን ስም ለማግኘት ወደ ታች ብዙ መውረድ ነበረባት። ለትንኝ የጻፈችላት የመጨረሻ ቃል «ስትመጪ ሳሙና ግዢ» የሚል ነበር። ከሥሩ ጻፈችና ላከችው። የትንኝ ኪስ ውስጥ ስልኳ ነዘረ።

«ልቀቂው በቃ» አለቻት እናቷ።

ትንኝ ክዳኑን ለቀቀችው፤ ስክሪኑ ጨለመ። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ እናቷ የጻፈችላትን ሁለት ቃል አየች። እናትየው ራይቷን አልጠበቀችም። ስልኳን በግንባሩ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አልበላሁም» አለች ትንኝ፣ በአፏ።