ማመንና መካድ

የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛው ሱቁን ሊረከብ በመጣበት ጧት፣ እናናየሁ የጀመረችውን ካባ ከስፌት መኪናዋ ሥር አላወጣችም ነበር። ካባውን ያዘዙት የሰላ ድንጋይ ቄስ ናቸው፤ አንዱ ትከሻ ተጠልፎ አልቋል፣ ሌላው ገና ባዶ ነው።

ደብረ ብርሃን ያለውን ይህን ሱቅ ባሏ ሠረቀብርሃን ከታላቅ ወንድሙ ከቴዎፍሎስ የገዛው በሽማግሌዎች ፊት፣ በቃል ብቻ ነበር። ሠረቀብርሃን ከሞተ በኋላ ቴዎፍሎስ «በውሰት የሰጠሁት ነው፤ ይመለስልኝ» ሲል እናናየሁን ከሰሳት። በችሎት ዳኛዋ ክሱን አንብበው ጠየቋት።

«ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ?»

እናናየሁ የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት። ባደገችበት ቤት መካድ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ሃይማኖትን መክዳት፤ የካደ ሰው ስሙ እንኳ በማዕድ ላይ አይነሳም።

«ኧረ እኔ ክጄ አላውቅም! አምናለሁ እንጂ» አለች።

«ክሱን ነው የምጠይቅዎ።»

«በምንም ነገር አልክድም፣ ክብርት ዳኛ።»

ቃሏ ተመዘገበ። ሊመሰክሩላት የመጡት ሽማግሌዎች ከደጅ እንደተቀመጡ፣ ክሱ ስለታመነ ምስክር መስማት አያስፈልግም ተባለ። ይግባኟም በዚያው ቃል ወደቀ።

«አንቺ ሴት፣ ችሎቱን ቅዳሴ አደረግሽው?» ብላት ነበር አልታየች የተባለችው ጎረቤቷ። «የሰው ውሸት ቢካድ ምን ኃጢአት አለው!»

አሁን ቴዎፍሎስ ከሠራተኛው ኋላ በበሩ ደፍ ላይ ቆሟል።

«ምነው ፊትሽን አዞርሽብኝ፣ የወንድሜ ሚስት? ያመንሽልኝን ነው የወሰድሁት።»

«ጋሼ ቴዎፍሎስ፣ ቁልፉን መርቀህ የሰጠኸን አንተ አይደለህም?»

«ይህን ለዳኛዋ ነበር መንገር።»

እናናየሁ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ካባውን አጠፈች። ተሸካሚዎች የስፌት መኪናውን አውጥተው ከአስፋልቱ ዳር፣ ከነፋሱ ላይ አኖሩት። ሠራተኛው የርክክቡን ቃል ጮክ ብሎ አነበበ።

«"ሱቁን በፈቃዳቸው አስረክበዋል" ይላል። ትክክል መሆኑን ያምናሉ?»

ድምፅዋ እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ ወጣ።

«እክዳለሁ።»

ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት።

«አሁን ምንም አይለውጥም፣ እናቴ» አለ በዝግታ። «ሳይፈርሙም ይፈጸማል።»

ቴዎፍሎስ በሩን ዘግቶ ቁልፉን አዞረ። እናናየሁ «እክዳለሁ» ያለ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ደግማም ጠረገች።