የእትዬ ዘነበች ተራ

ጦርነቱ ወልዲያ ሲደርስ ናጅዋ የአራተኛ ዓመት የኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበረች። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተበተነ። እሷም ልብሷን እንኳ በቅጡ ሳትሰበስብ፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና ብላ መርሳ እናት አባቷ ቤት ገባች። ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱም ተከትሏት መጣ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ መንገድ ተዘጋ።

አባቷ አብዱልጀሊል መርሳ ገበያ እህል የሚነግዱ፣ ነገር ሳይገባቸው የማያልፉ ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቃቸውም።

«ሲቪል የሚሉት ቤት ይሠራል፤ መካኒካሉ ሞተር ይፈታል። አንቺስ ምን ልትሠሪ ነው?»

«የሥራውን ሥርዓት ነው የምንሠራው አባ። ጊዜ እንዳይባክን፣ ሰው በከንቱ እንዳይቆም።»

«ሥርዓትማ እናትሽ አስተምራሻለች!» ይሉና ይስቃሉ።

እሷም አብራ ትስቃለች። እውነቱን ለመናገር ግን ለራሷም በደንብ ገብቷት አያውቅም። ዲፓርትመንቱ የደረሳት በድልድል ነው። ፈተናውን ታልፋለች፣ ቀመሩን ትሸመድዳለች፤ ስትጨርስ ምን እንደምትሆን ብትጠየቅ መልስ የላትም።

መብራት ሲጠፋ የከተማው ወፍጮዎች ቆሙ። የቀረው በናፍጣ የሚሠራው የሐጂ ጀብሪል ወፍጮ ብቻ ነበር። እሳቸውም ያለቻቸው አንድ በርሜል ተኩል ናፍጣ ስለሆነች ሞተሩን በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አያስነሱም። ሴቱ ከየመንደሩ ጆንያውን ተሸክሞ ገና ሳይነጋ ይሰለፋል፤ ግማሹ ሳያስፈጭ ይመለሳል። በዚያ ላይ ከባድ መሣሪያ ከማዶ በጮኸ ቁጥር ያ ሁሉ ሰው መግቢያ አጥቶ ሜዳው ላይ ይተራመሳል።

ሐጂ አንድ ቀን አብዱልጀሊል ዘንድ መጡ። «ልጄ መሐንዲስ ናት ስትል አልነበር? በል ትምጣና ይቺን ሰልፍ ታብጅልኝ። እኔስ ልታሳብደኝ ነው።»

ናጅዋ ሄዳ አንድ ሙሉ ቀን ሰዓቷን እያየች ጥግ ይዛ ቆመች። ጤፍና ማሽላ በተፈራረቁ ቁጥር ወፍጮው ይጠረጋል፤ ሞተሩ ግን በባዶው እየዞረ ናፍጣ ይጠጣል። «ሐጂ፣ ጤፉንም ማሽላውንም ለየብቻ ቀን እንስጣቸው» አለች። ይህ ለሁሉም ገባቸው። ሁለተኛው ሐሳብ ከደብተሯ የመጣ ነበር፦ ትንሽ እህል የያዘ ይቅደም። ትንሹ ቶሎ ያልቃል፣ ያለቀለት ቶሎ ይሄዳል፣ ሜዳው ላይ የሚቆመው ሰው ይቀንሳል።

ነገሩ ሠራ። በሳምንቱ አብዛኛው ሴት ረፋዱ ላይ ዱቄቱን ይዞ ቤቱ ይገባ ጀመር። «ጀዛኪላህ ኸይር» እያሉ መረቋት። አባቷም ገበያ መሀል ስሟን እያነሱ ደረታቸውን ነፉ። ናጅዋ ትምህርቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ሆኖ ታያት።

እትዬ ዘነበች የመጡት ያኔ ነው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልደረሰላቸው ሴት ናቸው፤ ግን ከቆቦ የተፈናቀሉ አሥራ አምስት ነፍስ ቤታቸው አስጠግተዋል። አንድ ኩንታል ማሽላ በአህያ ጭነው መጡ። ትንሽ የያዙት ሁሉ ቀደሟቸውና ሰዓቱ አለቀ።

«በሚቀጥለው የማሽላ ቀን ይደርስዎታል እትዬ» አለች ናጅዋ።

«እሺ ልጄ» ብለው ጭነው ተመለሱ።

በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ናጅዋ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ሰልፉ አጠረ ስትል ጭራሽ ረዝሟል። ሴቶቹ ነገሩ ገብቷቸው አንዱን ጆንያ በየቁናው ከፋፍለው ለእህት፣ ለልጅ፣ ለጎረቤት እያስያዙ ነበር። ይህን ዘዴ ለእትዬ ዘነበች የነገራቸው አልነበረም። ኩንታላቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ናጅዋ ይህንኑ ልትነግራቸው ወደ ሐጂ ስትነሳ ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አለና ጸጥ አለ። ናፍጣው አልቋል።

እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ የእኔ ተራ አልፎኛል ነው ወይስ ገና አልደረሰም?»

ናጅዋ ጎንበስ ብላ ኩንታሉን አህያው ላይ መልሰው ሲጭኑ አገዘቻቸው።

በማግስቱ ከእናት አባቷ ቤት ዱቄት ቀንሳ ለእትዬ ዘነበች ይዛላቸው ሄደች። ከቆቦ የመጡት እንግዶች ንፍሮ ከበው ይበላሉ። ጥርስ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ፍሬውን ጉንጫቸው ውስጥ ያላውሳሉ፤ ብርቱካን የምትባል አራስ ጓዳ ተንበርክካ ከጎረቤት በተዋሱት ድንጋይ ማሽላ ትፈጫለች። ናጅዋ ድንጋዩን ተቀበለቻት። መዳፏ ውኃ እስኪቋጥር ብትፈጭም፣ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲደርስ አንድ ቁና እንኳ አልሞላም።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ» አለች።

«እንደ ድሮው ሰልፍ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን፣ ቢዘገይ በሁለተኛው ይደርሰኝ ነበር» አሉ። «ሐጂ ደግሞ ልጅቱ ባትመጣ ናፍጣው ቀድሞ አልቆ ነበር ይላሉ። እንግዲህ ልመርቅሽ ወይስ ላዝንብሽ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል።»

ናጅዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አወጣች አወረደች። ናፍጣውን ያቆጠበው ጤፍና ማሽላውን መለየቱ ነው፤ ትንሹን ማስቀደሙ አንድ ጠብታ አላተረፈም። ታዲያ እሱን ምን አመጣው? ግን ደግሞ ሰልፉ እንደገና ሳይረዝም፣ ባለፈው ማክሰኞ ከወፍጮው በታች ሜዳው ላይ ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ እዚያ የነበሩት አምስት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ማንም አልተጎዳም። በድሮው ሰልፍ ቢሆን ስልሳ ሰው ይቆም ነበር። ይህ የእሷ ሥራ ነው ወይስ የአላህ ጥበቃ? በየት በኩል ብትደምረው አልገጥም አላት።

ናፍጣው ባለቀ በአሥራ አንደኛው ቀን ሐጂ በሐራ ከተማ በኩል በአህያ ጥቂት ጀሪካን ናፍጣ አስመጥተው ጠሯት። «በይ፣ አሁንስ ማን ይቅደም?»

«አላውቅም ሐጂ።»

«አራት ዓመት ተምረሽ?»

«እንዴት ቶሎ እንደሚያልቅ ነው የተማርኩት። ለማን ቶሎ እንደሚያልቅ አልጠየቅኩም ነበር። ሴቶቹን ሰብስበን እንጠይቃቸው።»

ተሰበሰቡ፤ ረፋዱን ሙሉም ተጨቃጨቁ። ተፈናቃይ ያስጠጋ ይቅደም፣ ቀጥሎ ትንሽ የያዘ፣ በየሰፈሩ አንዲት ሴት የቤቱን አፍ ትቁጠር ተባለ። ሁሉም እውነቱን አልተናገረም፤ አንዷማ ከሞተ ዓመት ያለፈውን ባሏን ጭምር አስቆጠረች። ቢሆንም የእትዬ ዘነበች ኩንታል የዚያን ቀን ተፈጨ። ወደ ኋላ የተገፉት ደግሞ «ትሻል የነበረችው የፊተኛዋ ሰልፍ ናት» እያሉ ናጅዋን አኮረፏት።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ የቆቦዎቹም ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ከወራት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሲጠራ ናጅዋ ዲፓርትመንት ለመቀየር ማመልከቻ ጽፋ ሄደች። አራተኛ ዓመት የደረሰ አይቀይርም ተባለች። ደስ ይበላት ይክፋት ሳታውቅ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ለመመረቂያ ጥናቷ የአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሰልፍ እንድታጠና ተሰጣት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ከቆሙት ጋር ቆማ ከየት እንደመጡ፣ ማንን ቤት ትተው እንደወጡ ስትጠይቅ ከረመች። አማካሪዋ ወረቀቷን አገላብጦ ቢያይ ስምና መንደር ብቻ ሆነበት።

«ቁጥሩ የታለ?» አላት።

«እሱ ይደርሳል» አለች ናጅዋ። «መጀመሪያ ምኑን እንደምቆጥር ይግባኝ።»