ጠዋት ጠዋት የሚያስለው ማጨጃ

አልታየሽ የሣር ማጨጃዋን ሞተር ገመድ አራት ጊዜ ሳበችው፣ ማጨጃው ምንም አላለም። በአምስተኛው ተነሳ፣ ግን እንደ ብርድ የመታው ሽማግሌ አስሎ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ጸጥ አለ።

ግቢውን የሚጠብቀውና የሚያጸዳው ኬርቴከር ዘርይሁን መጥረጊያውን ተደግፎ ከደረጃው ሥር ሲያያት ነበር።

«እትዬ አልታየሽ፣ ይኼ ነገር ጉንፋን ይዞታል። ዳማከሴ ይጨመቅለት።»

«ቀልድህን ተወኝ። ሲሞቅ እኮ ደህና ነው።»

«ሲሞቅማ ሁሉም ደህና ነው። ሰውየው ግን ዓርብ ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት ነው የሚመጣው። በብርዱ።»

ሰኞ ነበር። ለንደን ውስጥ ከካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ ባለው በዚህ ግቢ ሣር ያጭድ የነበረው ድርጅት ሥራውን ትቶ ሄዷል። የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ከነዋሪዎቹ መካከል የራሱ ማጨጃ ያለው ሰው ካለ ሥራውን እስከ ጥቅምት ድረስ ልስጠው ብሏል። ዘርይሁን የአልታየሽን ስም ሰጠ። ዓርብ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰው መጥቶ ማጨጃውን ያያል። ከተነሳ ሥራው የእሷ ነው፣ ካልተነሳ ትልቅ ማሽን ላለው ለሌላ ድርጅት ይሄዳል።

አልታየሽ ለኪራዩ ገንዘብ ፈልጋ እንጂ ሣር መቁረጥ ናፍቋት አልነበረም። ልጇ ብፅዓት ቀን ሱቅ እየሠራች፣ ሌሊት ደግሞ ፓርክ ሮያል ዳቦ ፋብሪካ ትቆማለች። የነርስነት ትምህርት ቤት ከተቀበላት በኋላ «የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?» ብላ አምና ለአንድ ዓመት አስተላለፈችው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ካልገባች ቦታው ይሰረዛል። እናትየው ይህን ካወቀች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ጠዋት ልጇ በሩን በቁልፍ እስክትከፍት ድረስ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

የዚያን ዕለት ጠዋትም ብፅዓት ዱቄት ያረፈበትን ጫማዋን እያወለቀች መላ አቀረበች።

«እማዬ፣ ጀስት ቀድመሽ አስነሺው። ሰውየው ሲመጣ ሞቆ ይጠብቀዋል። ሂ ዎንት ኖው፣ በምን ያውቃል?»

«ከሁለት ሰዓት በፊት ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው። በሩ ላይ ተለጥፏል፣ አንብቤዋለሁ።»

«ኦ፣ አሁን ማንበብ ጀመርሽና ፖሊስ ሆንሽብን!»

አልታየሽ ሃክኒ ለሚኖሩት ለጋሽ ፀሐዬ ደወለች። ጋሽ ፀሐዬ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት መካኒክ የነበሩ፣ የሟቹ ባሏ የሀብተ ማርያም ወዳጅ ናቸው። በስልክ ምልክቱን ነገረቻቸው። ሲቀዘቅዝ ይንገዳገዳል፣ በብርድ ለማስነሳት የሚሳበውን ቾክ ስትመልሰው ይጠፋል፣ ታግላ ታግላ አሥር ደቂቃ ካቆየችው ግን እንደ ንብ ይዘምራል።

«እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፍቺና በሽቦ ብሩሽ ጥረጊው» አሏት። «የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውንም እጠቢው። አይዞሽ፣ ሞተር እንደ ሕፃን ነው፣ የሚያለቅሰው በምክንያት ነው።»

ማክሰኞ ካንዴላውን እስኪያብረቀርቅ ጠረገችው። ፊልትሮውን አጥባ ጥላ ሥር አደረቀችው። ረቡዕ ጠዋት ስትስበው ያው ሳል፣ ያው ጭስ።

ረቡዕ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ትምህርት አለባት። አማርኛውን እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምራ ታውቀዋለች፣ የእንግሊዝኛውን ግን ገና አሁን ነው የጀመረችው። አስተማሪዋ ሱመያ ወላጆቿ ከሐረር የመጡ፣ እሷ ለንደን የተወለደች ወጣት ናት። ሁሉም ተማሪ በጣም ማንበብ የሚፈልገውን ወረቀት ከቤቱ እንዲያመጣ አዛ ነበር። አንዱ የባንክ ደብዳቤ፣ አንዷ የመድኃኒት ማዘዣ ይዘው መጡ። አልታየሽ ዘይት የነካውን የማጨጃውን መመሪያ አወጣች።

መጨረሻው ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አለ፤ በግራ ችግሩ፣ በቀኝ መንስኤው። ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች ችግሯን አገኘችው። «ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በትክክል አይሠራም» ይላል። መንስኤዎቹ አራት ናቸው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን በአማርኛ ደብተሯ ላይ ገለበጠች።

ሱመያ በትከሻዋ በኩል አየች። «እትዬ፣ የመጀመሪያውንስ ለምን ዘለሉት? ከብዶዎት ነው?»

«አልከበደኝም። ‹ያረጀ ቤንዚን› ነው የሚለው። እሱ እኔን አይመለከትም።»

«ለምን?»

«ቤንዚን ያረጃል እንዴ? ዳቦ ነው?»

ሱመያ ሳቀች። «እኔ መኪናም የለኝም። ግን ወረቀቱ እንደዚያ ይላል።»

አልታየሽ ደብተሯን ዘጋች። ሐሙስ ጠዋት የጻፈቻቸውን ሦስቱንም አንድ በአንድ ሞከረች። የቾኩን ሽቦ አጠበቀች፣ የዘይቱን ልክ አየች፣ የካንዴላውን ክፍተት አስተካከለች። ማጨጃው አሳለባት። እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና ሁለተኛ ደወለች። ድምጿን ሲሰሙ ጋሽ ፀሐዬ ምንም ሳይጠይቁ «መጣሁ» ብቻ አሉ።

በአውቶቡስ መጥተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የቤንዚኑን ክዳን ከፈቱ። አፍንጫቸውን አስጠጉና ወዲያው መለሱት።

«ይኼ ቤንዚን መቼ የተገዛ ነው?»

«አምና።»

«አምና መቼ?»

«መስከረም አካባቢ… ጀሪካኑ ሙሉ ነበር። ጓዳ አስቀምጬው ነው።»

ጋሽ ፀሐዬ ሳቃቸው መጣ። «የሀብተ ማርያም ሚስት መሆንሽን ረስቼ ነው እኮ ካንዴላ ሳስጠርግሽ የሰነበትኩት!»

ሀብተ ማርያም በደርግ ጊዜ ባለ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሹፌር ነበር። ቤንዚን በኩፖን ነበር የሚሰጠው። ሰልፍ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያድራል፣ ያገኘውን ጀሪካን አልጋቸው ሥር ያስገባል። አዲስ ሙሽራ እያለች አንዴ ወለል ስታጥብ አንድ ኩባያ የሚያህል ብትደፋበት ሦስት ቀን አኩርፏታል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆነው። ማደያው አሁን ከቤቷ አምስት ደቂቃ ነው፣ እጇ ግን አሁንም ቤንዚን አያስደፋትም።

«ያኔም እኮ ይቀመጥ ነበር፣ ጋሼ። ይሠራም ነበር።»

«ያኔ ከሳምንት በላይ መቼ ያድርና! ስሚ፣ ቤንዚን ሲቀመጥ ቀላሉ ይተናል፣ ከባዱ ይቀራል። ብርድ ላይ እሳት የሚይዘው ደግሞ ያ ቀላሉ ነው። ሲሞቅ ከባዱም ይነዳል፣ ለዚህ ነው ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚዘምርልሽ።»

አልታየሽ አንገቷን ደፋች። «ወረቀቱ ነግሮኝ ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«አንብቤዋለሁ። ማንበቡንስ አንብቤዋለሁ፣ አላመንኩትም እንጂ።»

«እኔስ? መካኒክ ነኝ ብዬ ቤንዚኑን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። እኩል ነን፣ ተይው።»

ያረጀውን በሙሉ ወደ ጀሪካኑ መለሱት። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ፈተው ከታች የቀረውን ቢጫ አተላ አጸዱ። አልታየሽ የጀሪካኑን እጀታ ሳትለቅ «እንግዲህ የት ይደፋል?» አለች።

«አይደፋም። የካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ቆሻሻ መቀበያ ይወስደዋል። አንቺ ሁለት ሊትር አዲስ ግዢ። ከሁለት በላይ እንዳትገዢ! አስነስተን እናየዋለን፣ ከዚያ እስከ ነገ አትንኪው፣ ይቀዝቅዝ።»

ዓርብ ጠዋት ትንፋሽ የሚያጨስ ብርድ ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሰው ረጅም፣ ፋይል የያዘ፣ ጥቂት የሚናገር ነው። ሰላምታ ሰጥቶ ጎንበስ አለና መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ።

ዘርይሁን ወደ አልታየሽ ጆሮ ጠጋ አለ። «ሞቆ እንደሆነ ነው የሚያየው። የባለፈው ድርጅት አታሎታል።»

አልታየሽ ብፅዓትን አሰበችና ገመዱን ሳበች። ዝም አለ። እግሯን አደላድላ፣ «በስመ አብ» ብላ በድጋሚ ሳበችው። ማጨጃው አንዴ አሳለ። ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ ያለማቋረጥ ይጮህ ጀመር። ቾኩን ቀስ ብላ መለሰችው፣ አልጠፋም።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ከፋይሉ ወረቀት አውጥቶ የምትፈርምበትን ቦታ በብዕሩ አሳያት። ዘርይሁን ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ፣

«ተወው» አለችው። «መጀመሪያ ላንብበው።»

«እትዬ፣ ሰውየው ቸኩሏል!»

«ይጠብቅ። አንድ መስመር ዘልዬ ትናንት ያየሁትን አሳር አንተ ታውቃለህ።»

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ከላይ ጀመረች። ሁለት ቃል አልገባትም፣ ሁለቱንም ጠየቀችው፣ ሰውየውም ሳይሰለች ነገራት። ከዚያ ፈረመች።

ግማሹን ሣር አጭዳ ስትዞር ብፅዓት ከሥራ መጥታ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ! ስንት ጊዜ ሳብሽው?»

«ሁለት።»

«ኦ ማይ ጋድ። እና?»

አልታየሽ ማጨጃውን ሳታጠፋ ድምጿን ከፍ አደረገች። «እናማ ‹መስከረም ላይ እገባለሁ› ብለሽ ለትምህርት ቤቱ ዛሬውኑ ጻፊ። ሳትልኪው ግን አሳዪኝ፣ አነበዋለሁ።»