የሻለቃ ሲሳይ

ጉጉቱ ሻለቃ በአፉ ደም ማንጠባጠብ ሲጀምር መዓዛ «ጉጉት ጠላታችን አይደለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገሯን ገና አልጨረሰችም ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጆች በአቃቂው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠው አንገታቸውን አስግገዋል።

«ቲቸር፣ ወፉ እየደማ ነው!» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

መዓዛ ሻለቃ የቆመበትን ጓንቷን አየች። እውነትም ደም ነው። ሌላ ጊዜ እንደ ሹም ደረቱን ነፍቶ፣ ሕዝቡን በትላልቅ ብርቱካንማ ዓይኖቹ የሚገላምጠው ጉጉት ዛሬ ጭንቅላቱ ከብዶታል። ዓይኖቹን ከደን አደረገና ጓንቱ ላይ ተዝለፈለፈ። ደግፋ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ትንሽ አሞታል፤ ለዛሬ ይበቃናል፣ ልጆች» አለች።

ሻለቃን ያገኘችው ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ነው። የመብራት ሽቦ ክንፉን ሰብሮት ወድቆ ነበር። አጥንቱ ቢገጥምም መብረር ግን አልሆነለትም። ከዚያ ወዲህ ከመዓዛ ጋር ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት፣ ዕድር ለዕድር እየዞረ የሰውን ፍርሃት ሲያስለቅቅ ኖረ። እንጀራዋም እሱው ነው። እንጀራስ ሌላ ይገኛል፤ በጩኸት መሀል ሰው እጅ ላይ ረግቶ የሚቀመጥ ጉጉት ከወዴት ይመጣል?

ሁልጊዜ የሚያመላልሳት ባለ ባጃጁ ቤኪ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ገብታ ሳትቀመጥ ለእንስሳት ሐኪሙ ለዶክተር ሮሪሳ ደወለች። ሮሪሳ ከከተማ ወጥቶ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ላም እያዋለደ ነው።

«ክንፉ ሥር ቆዳውን እዪልኝ» አላት። «ጠቁሯል?»

ላባውን ገለጥ አደረገች። «ጠቁሯል። ዱላ እንዳረፈበት ሰው በልዟል።»

«መርዝ የበላ አይጥ በልቷል ማለት ነው፣ መዓዚ። የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል።»

«አይሆንም! እኔ የማበላው ከሳሪስ አቦ የማመጣለትን የዶሮ አንገት ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው አብልቶታል። ለማንኛውም ቫይታሚን ኬ የሚባል መርፌ ፈልጊ፤ ለአራስ ሕፃናት የሚሰጠውን። እኔም እመጣለሁ፤ ይቺን ላም ግን ጥያት መሄድ አልችልም።»

ሌላ ሰው? ሻለቃ ያለበት ግቢ ውስጥ ከእሷና ከአከራይዋ ከእማማ አደሴ በቀር ማንም የለም። እማማ አደሴ ደግሞ ጉጉትን እንደ ሞት ይፈሩ የነበሩ ሴት ናቸው። የባቡር ሠራተኛው ባለቤታቸው ያረፉ ለታ ሌሊት ጣሪያው ላይ ጉጉት ሲጮህ ነበርና «እሱ ነው የጠራብኝ» ይሉ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሆነና ባለ ጉጉት ተከራይ ገባችባቸው። ስንት ጊዜ ዕቃዋን እንድታወጣ ነግረዋታል! በኋላ መዓዛ የዕድራቸውን ሴቶች ሰብስባ፣ ጉጉት ሌሊቱን አይጥ ሲለቅም እንደሚያድር ስታስረዳ፣ እማማ አደሴ አንድ ጣታቸውን ልከው የሻለቃን ላባ ነኩ። «ውይ ልስላሴው!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ፣ ሻለቃ» ሳይሉት አይውሉም።

ደወለችላቸው።

«እማማ፣ ለሻለቃ የሚበላ ነገር ሰጥተውታል እንዴ?»

«አሳበቀብኝ እንዴ!» ብለው ሳቁ። «ከትናንት ወዲያ አንድ፣ ትናንትም አንድ ወፍራም አይጥ። ጓዳ ሞተው አገኘኋቸዋ። ሲሳዩ አይጥ ነው ያልሽን አንቺው አይደለሽ? አዋዋጡን ብታዪ!»

በየሰፈሩ «የአይጥ! የበረሮ! የትኋን!» እያለ በድምፅ ማጉያ የሚዞረው መርዝ ሻጭ ትዝ አላት። እማማ ከእሱ ገዝተው ጓዳ በትነዋል ማለት ነው። ስልኩን ዘጋችው።

መጀመሪያ የገቡበት ፋርማሲ መርፌው የለም። ሁለተኛው ዘንድ አለ፤ ባለሙያዋ ግን «ለሕፃን ነው?» አለች።

«ለጉጉት ነው። እባክሽ እህቴ፣ እየሞተብኝ ነው።»

ሴትየዋ በሻርፕ የተጠቀለለውን ሻለቃን አይታ አማተበች። ደግነቱ ሮሪሳ በስልክ አስረዳትና ሰጠቻት። መዓዛ ባጃጁ ውስጥ፣ ሮሪሳ እንዳላት መጥና፣ ጭኑ ላይ ወጋችው። መርፌው የወጣበት ቀዳዳ መድማት ጀመረ። በጥጥ ብትጫነው፣ ብትጫነው አልቆም አለ። የሚደማው ለማዳን የወጋችው ቦታ ነው እንግዲህ። እጇ ከዚህ በላይ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

«የት ልንዳ፣ እህቴ?» አለ ቤኪ።

ጥጡን ቀይራ እንደገና ተጫነችው። እሱም ሞተሩን አጠፋ። ሮሪሳ «ጨርሻለሁ፣ መጣሁ» ብሎ ሲደውል ሻለቃ እቅፏ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ለቅሶዋን ንዴት አደረቀው። ከንዴቷ ብዛት አንቱታው ሳይቀር ጠፋባት። «እነግራታለሁ፤ በገዛ እጇ እንደ ገደለችው ነው የምነግራት!» እያለች ለቤኪ ፎከረች። ቤኪ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ።

እማማ አደሴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

«ምነው ስልኩን ዘጋሽብኝ? ሻለቃስ?»

«ሞተ፣ እማማ።»

«ኧረ ውይ! ውይ የኔ አንበሳ!» ደረታቸውን መቱ። «ምን አገኘው?»

ስትፎክርበት የመጣችው ቃል አፏ ላይ ነበር። ግን የሴትየዋን እንባ ስታይ መልሳ ዋጠችው።

«አርጅቶ ነው» አለች።

እማማ አደሴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ክንዷን ያዝ አድርገው «አይዞሽ» አሏት። «ትናንት ሌሊት ደግሞ አንድ ሌላ ጉጉት መጥቶ ጣሪያው ላይ ሲጮህ አደረ። ባለቤቴ ከሞቱ ወዲህ ጉጉት እየጮኸ ሳልፈራ የተኛሁት ትናንት ነው፣ ታምኚኛለሽ? ‹ና ግባ፣ ጓዳዬ አይጥ ሞልቶታል› አልኩት። የሻለቃን ድርሻ ለእሱ እናወጣለታለን።»

መዓዛ ጣሪያውን አየች፤ ቀጥሎ የጓዳውን በር። ዝም ካለች ያኛውም አይከርምም። ከተናገረች ደግሞ እኚህ ሴት ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

«እማማ፣ የቀረ የአይጥ መርዝ ካለ ይስጡኝ» አለች። «ጓዳ የበተኑትንም አብረን እንልቀመው።»

«መርዙን? መርዙን ምን ሊያደርግልሽ...»

መዓዛ የታቀፈችውን ሻርፕ አዩ። በሻርፑ ጠርዝ የወጣውን ደም አዩ። የገዛ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«አርጅቶ ነው አልሽኝ አይደል፣ ልጄ?» አሉ፣ «አዎ» እንድትላቸው እየለመኑ።

መዓዛ «አዎ» ማለት ትችል ነበር።

«ይስጡኝ፣ እማማ» አለች።